በከንፈር የሚለይ መስታወት

እህቴ መስታወት ስትስም መጀመሪያ ያየኋት ቀን ሳቄን መያዝ አቅቶኝ ወደ ኮሪደሩ ወጣሁ። ጓንት ባጠለቁ ጣቶቿ መስታወቱን በጠርዙ ይዛ፣ አንዱን ጥግ ከታችኛው ከንፈሯ አስጠግታ፣ ዓይኗን ጨፍና ቆማ ነበር። ስልሳን የተሻገረች፣ በዕድሜዋ ሙሉ ማንንም በሰው ፊት ስትስም አይቻት የማላውቅ ቁጥብ ሴት ናት። ተመልሼ ገባሁና «እትዬ፣ ምነው ቢያንስ ሰው ብትመርጪ» አልኳት። ዓይኗን ሳትገልጥ «ዝም በይ፣ ጎኑን እየለየሁ ነው» አለችኝ።

ያን ቀን ስስቅ ዋልኩ። ነገሩ ምን እንደሆነ ባውቅ ኖሮ እዚያው ኮሪደር ላይ ቁጭ ብዬ አለቅስ ነበር።

የምንሠራው አሜሪካ፣ ሴንት ፖል ከተማ ውስጥ፣ ከዩኒቨርሲቲ አቬኑ ብዙም በማይርቅ አሮጌ የጡብ ሕንፃ ምድር ቤት ነው። ክፍሉ መስኮት የለውም። ግድግዳው ሁሉ የብረት ካቢኔ ነው። ካቢኔዎቹ ውስጥ የተደረደሩት፣ የእኔ አያት ሕፃን በነበረችበት ዘመን በአንድ የኮከብ መመልከቻ ጣቢያ የተነሡ የሰማይ ፎቶግራፎች ናቸው። ያኔ ኮከብ የሚነሣው በፊልም ሳይሆን በመስታወት ላይ ነበር። የመስኮት መስታወት የመሰለ ስስ ነገር አንድ ጎኑን መድኃኒት ይቀቡትና ቴሌስኮፑ ውስጥ ይከቱታል። ታጥቦ ሲወጣ ሰማዩ ነጣ ያለ ግራጫ፣ ኮከቦቹ ጥቋቁር ነጠብጣብ ሆነው ይቀራሉ። ፕሌት ይሉታል፤ እኛም ፕሌት እንለዋለን። ጣቢያው ራሱ ከፈረሰ ቆይቷል፤ የቀረው ይኸው ካቢኔ ውስጥ ያለው ነው።

በፕሌቱ ሌላኛው ጎን፣ ማለትም መድኃኒት ባልተቀባው በባዶው ጎን፣ የእጅ ጽሑፍ አለ። በዚያ ጣቢያ ወንዶቹ ማታ ማታ ሰማዩን ሲያነሡ ያድራሉ፤ ሴቶቹ ደግሞ ቀን ቀን ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠው በማጉያ መነጽር እያንዳንዱን ኮከብ ይለካሉ። የለኩትን በቀለም ያከብቡታል፣ ቀስት ያደርጉበታል፣ ከጎኑ ቁጥር ይጽፋሉ። ዛሬ ተመራማሪዎቹ የሚፈልጉት ኮከቦቹን ነው፤ የትኛው ከዚያን ጊዜ ወዲህ እንደደመቀ፣ የትኛው እንደደበዘዘ ሊያወዳድሩ። ቀለሙ ደግሞ ይጋርዳቸዋል። ስለዚህ የእኛ ሥራ ፕሌቱን መጀመሪያ ከነጽሑፉ ፎቶ ማንሣት፣ ቀጥሎ ቀለሙን በአልኮልና በምላጭ አጽድቶ መጥረግ፣ ከዚያ ስካን ማድረግ ነው።

ሕጉ አንድ ብቻ ነው፤ ጎኑን ለይ። ባዶው ጎን ቢፈተግ ቢፋቅ ግድ የለውም። የመድኃኒቱ ጎን ግን እንደ ወተት ስልባቦት ነው፤ ምላጭ ከነካው ተገፎ ይነሣል፣ ኮከቡም አብሮ ይሄዳል። መለያው ትንፋሽ ነው። ፕሌቱ ላይ እፍ ትያለሽ፤ ባዶው ጎን ጉም ይይዛል፣ የመድኃኒቱ ጎን አይዝም። ሥራውን ያስተማሩን ጡረታ ሊወጡ የተቃረቡ አሜሪካዊ ሽማግሌ ነበሩ። እሳቸው ሲያጫውቱን፣ የዚያ ዘመን ሠራተኞች ፕሌቱን የሚያዘጋጁት ድቅድቅ ባለ ጨለማ ክፍል ውስጥ ስለነበር ጉሙን ማየት አይችሉም ነበር አሉ። ጥጉን በከንፈራቸው ይነኩታል፤ ያዝ የሚያደርገው የመድኃኒቱ ጎን ነው፣ የሚያንሸራትተው ባዶው። «እናንተ ግን እንዳትሞክሩት፤ መብራት አላችሁ» ብለው ሳቁ። እትዬ ከዚህ ሁሉ የያዘችው የመጀመሪያውን ግማሽ ነው ብዬ ስቀልድባት ከረምኩ።

እትዬ ያሳደገችኝ እህቴ ናት። እናታችን ስትሞት የወተት ጥርሴ ገና አልተነቀለም ነበር። ጸጉሬን ሠርታ፣ ገርፋ፣ አስተምራ ሰው ያደረገችኝ እሷ ናት፤ ቀድማ እዚህ አገር መጥታ ያስመጣችኝም እሷ ናት። ለዓመታት ፎርት ስኔሊንግ፣ ኤርፖርቱ ውስጥ ዊልቸር ስትገፋ ኖራ ጉልበቷ እምቢ ሲላት፣ እኔ አስቀድሜ የገባሁበት የፕሌት ክፍል ተቀምጦ የሚሠራ፣ እጁ የማይንቀጠቀጥ ሰው ይፈልጉ ነበርና ይዣት ሄድኩ። አለቃችን ልጅ እግር ፈረንጅ ናት፣ ጨዋ። የእትዬን እጅ አንድ ጊዜ አይታ ቀጠረቻት። እኔ አርባ ዓመት ካለፈኝ ቆየ፤ የአሥራዎቹ ልጅ አለችኝ፤ እትዬ ግን በሥራ ቦታም «ሕፃኗ» ትለኛለች።

በዚያ ምድር ቤት ውስጥ ቀን ቀን የምንውለው ከሞቱ ሠራተኞች ጋር ነበር። ስማቸውን አናውቅም፤ አመላቸውን ግን እናውቃለን። ሌሊት የሚያነሣው ሰውዬ ፕሌቱ በሚቀመጥበት ፖስታ ላይ አጭር ነገር ይጽፋል። «ደመና መጣ»፤ «ነፋስ በዛ»፤ «ሰዓቱ ቆመ»። ሰዓቱ ማለት ቴሌስኮፑን ከኮከቦቹ እኩል የሚያዞረው ክብደት የሚጎትተው ማሽን ነው፤ በየጊዜው ካልጠመዘዙት ይቆማል። አንዳንዱ ፕሌት ላይ ኮከቦቹ ነጥብ መሆናቸው ቀርቶ ተጎትተው ሰረዝ ሆነዋል። «ይኼ ያን ቀን አንቀላፍቷል» ትላለች እትዬ። «አልፈርድበትም፤ እኔም ኤርፖርት ናይት ሺፍት ላይ ቆሜ ተኝቻለሁ።» በመድኃኒት የሚያጥበው ሰው ደግሞ አውራ ጣቱ የማያርፍ ነበር፤ የብዙዎቹ ፕሌቶች ጥግ ላይ አሻራው አለ። እንዲህ አብረውን የሚሠሩ ይመስል እናማቸው ነበር።

ከሴቶቹ ውስጥ አንዷን እትዬ ለብቻዋ ለይታ ያዘች። ሌሎቹ የሚጽፉት በጥቁር ቀለም ነው፤ ይቺ በቀይ። ቁጥሮቿ ትናንሽና ክብ ክብ ናቸው። ኮከብ ስታከብብ ክቡን አትገጥመውም፤ በቀኝ በኩል ትንሽ ክፍት ትተዋለች። እትዬ «ቀይዋ» አለቻት። ጠዋት ፕሌቱን መብራት ባለው ጠረጴዛ ላይ ዘርግታ፣ ማጉያውን ዓይኗ ላይ ደግና፣ ወሬ ታመጣልኛለች። ቀይዋ ዛሬ ቸኩላለች። ቀይዋ ዛሬ ብርድ ብርድ ብሏታል፣ እጇ ተንቀጥቅጧል። ቀይዋ ዛሬ ተሳስታ ሰርዛለች፣ አለቃዋ ተቆጥቷታል መሰለኝ። እኔም «ለኔ እንዲህ አስበሽልኝ ታውቂያለሽ?» እላታለሁ።

መጥረጉ ግን ያማት ነበር። አለቃችን ፎቶው አስቀድሞ ስለሚነሣ ምንም እንደማይጠፋ በትዕግሥት አስረድታናለች። እትዬ አንገቷን ነቅንቃ ሰምታ፣ ወደኔ ዞራ በአማርኛ «ፎቶዋ ስለቀረ እሷ ቀረች ማለት ነው? የሰው ልፋት እኮ ነው የምንጠርገው» አለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ልማድ አወጣች። ፕሌቱ ላይ እፍ ትላለች፣ «ነፍስ ይማር» ትላለች፣ ከዚያ ትጠርጋለች። እኔ ጴንጤ ነኝ። «እትዬ፣ እኛ ቸርች ለሞተ ሰው አይጸለይም» አልኳት። «እናንተ ለቆመውም ጮክ ካላላችሁ አይሆንላችሁም» ብላ መለሰችልኝና ሥራዋን ቀጠለች።

የቀይዋ ፕሌቶች ያሉት በመጨረሻው ካቢኔ ነበር። እዚያ ስንደርስ እትዬ አለቃችን ዘንድ ሄዳ፣ በኔ አስተርጓሚነት፣ እነዚህን ከሷ በቀር ማንም እንዳይጠርጋቸው ለመነች። በዚህ ዓለም ላይ አንድ ነገር ለራሷ ስትለምን ያየኋት ያን ጊዜ ብቻ ነው። አለቃችን ፈገግ ብላ እሺ አለቻት። ለምን እንደሆነ ስጠይቃት «ሌላ ሰው ቆሻሻ ብሎ ነው የሚጠርጋት። እኔ ልሸኛት» አለችኝ።

ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው። እኔ ስስቅ እሷ እየተወሰደች ነበር። ሻይ ስትቀዳ ከኩባያው ውጪ ታፈሰዋለች፤ «ኩባያው ነው የተበላሸው» ትላለች። የፖስታ ጽሑፍ ስታገኝ «መነጽሬን ረስቻለሁ፣ አንብቢልኝ» ትላለች። ከባቡር ስትወርድ እግሯ መሬቱን ይፈልጋል። ግን በሚኒሶታ የበረዶ ወራት ሁሉም ሰው መሬቱን በእግሩ እየዳበሰ ነው የሚሄደው፤ እሷን ከሰው የሚለያት ነገር አልነበረም። የነገረችኝ ልጄ ናት። እዚህ ስለተወለደች በአማርኛ እየጠየቅኳት በእንግሊዝኛ ነው የምትመልስልኝ። አንድ እሑድ እትዬ በልታ ከሄደች በኋላ «ሞም፣ አይ ቲንክ ሺ ካንት ሲ» አለችኝ፤ አታይም መሰለኝ ማለቷ ነው። ዳቦ ስታቀብላት እትዬ የተዘረጋውን እጅ እንዳላየችው ነገረችኝ። «እርጅና ነው፣ አንቺም ትደርሽበታለሽ» ብዬ ሳህኑን ወደ ማጠቡ ዞርኩ።

ግላኮማ የሚባለው፣ ዓይንን ቀስ በቀስ የሚያጠፋው በሽታ ነበር። ሐኪሙ ከነገራት ቆይቷል። የዓይን ጠብታውን ፍሪጇ ውስጥ ከማርማላታው ኋላ ደብቃ፣ አፖይንትመንት ሲኖራት «ጥርሴን ልታይ ነው» እያለችኝ፣ ብቻዋን በባስ ትሄድ ነበር። ይህን ሁሉ ያወቅኩት በኋላ ነው። ፍሮግታውን በሚባለው ሰፈራችን ከኔ ቤት ሁለት መንገድ ዝቅ ብላ ነው የምትኖረው፤ ቁልፏ ኪሴ ውስጥ ነው። አላወቅኩም።

ጥር ላይ ብርዱ ፊት የሚልጥ ሆነ። የእትዬ ከንፈር ተሰነጣጠቀና ይደማ ጀመር። አንድ ጠዋት የግሪን ላይን ጣቢያ ቆመን ባቡር ስንጠብቅ ደሙ አገጯ ላይ ወርዶ አየሁና ከቦርሳዬ ቫዝሊን አወጣሁ። ፊቷን አዞረች።

«ተይኝ፣ አልቀባም።»

«ምን ማለት ነው አልቀባም? ደምተሽ እኮ ነው።»

«ሥራ ቦታ ቅባት አይሆንም። ተይኝ አልኩሽ።»

ያው ግትርነቷ ነው ብዬ አገጯን ያዝኩና ቀባኋት። ልጅ ሆኜ ትምህርት ቤት ከመሄዴ በፊት በጉልበቶቿ መሐል አጣብቃ ፊቴን በግድ የምትቀባኝ እሷ ነበረች፤ ይህንኑ አስታወስኳት። መታገሏን ተወች፤ ትንሽ ሳቀች እንኳን። «አድገሽ ልትበቀይኝ ነው» አለችኝ። ባቡሩ መጣና ገባን።

ሥራ ቦታ እኔ ስካነሩ ላይ ነኝ፤ ጀርባዬን ሰጥቻታለሁ። የምላጯን ድምፅ ሳላይ አውቀዋለሁ። አሮጌ ቀለም ሁለት ሦስቴ ጫር ጫር ሲያደርጉት ብናኝ ሆኖ ይነሣል፤ ከዚያ ጨርቅ ነው። ያን ቀን ጭረቱ ረዘመ። ታቆማለች፣ አልኮል ታፈሳለች፣ ደግሞ ትጀምራለች።

«ቀይዋ ዛሬ አልለቅ አለችኝ» አለች።

«ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» አልኩ፣ ሳልዞር።

«እሷ ሞኝም ወረቀትም አይደለችም» አለችና ጠንከር አድርጋ ፋቀች።

ቀጣዩን ፕሌት ልወስድ ዞርኩ። ጠረጴዛዋ ላይ ቀይ ብናኝ መኖር ነበረበት። የነበረው ግራጫ፣ ስስ፣ የተጠቀለለ ልጣጭ ነው። ፕሌቱ መሐል ላይ መዳፍ የሚያህል ቦታ ጥርት ብሎ፣ ከሥሩ ያለው መብራት እንዳለ ያልፍበታል። ሰማይ የለም፣ ኮከብ የለም። ቀዩ ክብ ግን በወዲያኛው ጎን ምንም ሳይነካው እንደተጻፈ አለ። ለዚህ ነው ያልለቀቀው። በመስታወቱ ውስጥ ይታያታል፣ ትፍቃለች፣ አይነሣም፣ አሁንም ትፍቃለች።

«እትዬ» አልኩ። «ምላጩን አስቀምጪው።»

ምን ሆነ አላለችም። ከድምፄ ገባት። ምላጩን አስቀመጠች፤ ጓንቷን አወለቀች፤ ሕግ አክባሪዋ እትዬ በባዶ ጣቷ ፕሌቱን ነካችው። አንዱን ጎን ዳበሰች፤ ገልብጣ ሌላውን ዳበሰች። እንደገና ወደ መጀመሪያው ተመለሰች። ከዚያ በእጇ ጀርባ ከንፈሯን ጠረገችና ጣቶቿን እርስ በርስ አሻሸች።

«ያንሸራተተኝ ቫዝሊኑ ነው» አለች። ቁጣ አልነበረበትም።

ያን ጊዜ ሁሉም ነገር ባንድ ላይ መጣብኝ፤ ሻዩ፣ መነጽሩ፣ የባቡሩ ደረጃ፣ መስታወት መሳሟ። «ከመቼ ጀምሮ ነው የማታይው?» አልኳት።

«አያለሁ» አለች። ቀጥላም «ቀዩን አያለሁ። ትንፋሼን ነው የማላየው» አለች።

ወንበር ስቤ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ፖስታውን እንዳነብላት ጠየቀችኝ። የሌሊቱ ሰውዬ ብርዱ ክፉ እንደነበር፣ ሌሊቱን ሙሉ እንዳልተኛ ጽፎ፣ መጨረሻ ላይ «ጥሩ ሰማይ» ብሏል። እትዬ ይህን ስትሰማ ዓይኗን ጨፈነች። «ሰውዬው በብርድ ቆሞ ያደረበትን እኔ ቁጭ ብዬ በምላጭ…» ብላ አልጨረሰችውም። «ሊያጌጡ ይመላለጡ» አለች፣ ለራሷ።

እኔ ማሰብ የጀመርኩት ሌላ ነገር ነው። «ስሚኝ» አልኳት። «እኔ ነኝ ያደረግኩት እላለሁ። አንቺ ዝም ትያለሽ። ከነገ ጀምሮ ጎኑን እኔ እየለየሁ እሰጥሻለሁ፣ ማንም አያውቅም።»

«ውሸት አስተምሬ አላሳደግኩሽም።»

«ከነገርናት ቀይዋን አትጨርሻትም እኮ።»

«ይኼ ጠፍቶኝ ነው?» አለችና ተነሣች። ጣቶቿ ክርኔን ፈልገው ያዙት። በሕይወቴ ሙሉ እጄን የምትይዘኝ እሷ ነበረች፤ ተደግፋኝ ስትሄድ ያን ቀን የመጀመሪያዋ ነው። ፕሌቱን እኔ ያዝኩ። ኮሪደሩን ቀስ ብለን ሄድን፤ መጀመሪያ ሳቄን ልደብቅ የወጣሁበትን ኮሪደር።

አለቃችን አልተቆጣችም። ቢቻል ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። እትዬ ዓይኗ እንደማይሠራ፣ ያደረገችውም እሷ እንደሆነች በራሷ እንግሊዝኛ ነገረቻት፤ «ማይ አይስ ኖ ጉድ። አይ ዱ ዲስ» አለቻት፣ ፕሌቱ ወዳለበት እያመለከተች፤ ጣቷ ግን ያመለከተው ከፕሌቱ ጎን ነበር። ልጅቷ ይህን አይታ ዓይኗ እንባ አቀረረ። ነገሩ በየትም ቦታ እንደሚያጋጥም፣ የዚያው የሰማይ ክፍል ሌሎች ፕሌቶች እንዳሉ፣ ከእንግዲህ ግን እትዬን ፕሌት ማስያዝ እንደማትችል ቀስ ብላ ተናገረች። ፖስታ የማጠፍ ሥራ አለ፣ ከፈለገች አለች። እትዬ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀች፤ እኔ ተረጎምኩ። በዚያው ሌሊት የተነሣ ሌላ ፕሌት አለ ወይ? ልጅቷ ኮምፒውተሯ ላይ ብዙ ፈለገች። የዚያ ሌሊት ሌላ የለም አለች። እትዬ «ቴንክ ዩ» ብላ ኮቷን ጠየቀችኝ።

ፖስታ አላጠፈችም። ቤት ቀረች። ጠብታውን እኔ ራሴ በሰዓቱ አደርግላት ነበር፣ ግን ዘግይቷል አለን ሐኪሙ። በረዶው ሳይቀልጥ ፊቴን ማየት ተወች። መስኮቱ በየት በኩል እንዳለ ታውቃለች፤ ሌላው ሁሉ ጨለማ ነው። አልቅሳ አላየኋትም። የምትናደደው በትንንሹ ነው፤ ማንኪያ ቦታው ካልተመለሰ፣ ልጄ ቦርሳዋን መተላለፊያ ላይ ከጣለች። ልጄ አሁን እሷን ስታናግር አማርኛ መሞከር ጀምራለች፤ እትዬ «ይቺ ልጅ ለኔ ማልቀሷ ነው» ትለኛለች።

ካቢኔውን የጨረስኩት እኔ ነኝ። ማታ ማታ ትደውልልኝና «ቀይዋ ዛሬ እንዴት ናት?» ትለኛለች። ስለ ሐኪሙ ወይም ስለ ዓይኗ አንድም ቃል አትተነፍስም። እኔ እንደሷ ጽሑፍ አይቶ ሰውን ማወቅ አይሆንልኝም፤ ግን ደህና ናት፣ ቸኩላለች፣ ዛሬ ደስ ብሏታል እላለሁ። ፕሌቱ ላይ እፍ እላለሁ፤ ጉሙ ይመጣል። «ነፍስ ይማር» እልና እጠርጋለሁ። ፓስተራችን ይህን አይስማ። የመጨረሻው ፕሌት ከሌላው ምንም አይለይም ነበር። ቀዩ ብናኝ ሆነ፣ ብናኙ ጨርቁ ላይ ቀረ፣ ጨርቁን ቅርጫት ውስጥ ጣልኩት። መታጠቢያ ቤት ገብቼ ውሃውን ከፍቼ አለቀስኩ።

እዚያው ሳለሁ ነው ያ የተፋቀው ፕሌት ትዝ ያለኝ። ኮከቦቹ ስለሄዱ ስካን አይደረግም። ስካን ስለማይደረግ መጠረግ አያስፈልገውም። የተጎዱት በሚቀመጡበት ሣጥን ውስጥ ከነጽሑፉ ተቀምጧል። ከቀይዋ እጅ በመስታወት ላይ የቀረ ከሱ በስተቀር ምንም የለም።

ማታ ስትደውል ነገርኳት።

«አልተነካችም?» አለች።

«አልተነካችም። በወዲያኛው ጎን ነበረች እኮ።»

«ወስደሽ አሳዪኝ።»

አለቃችንን ለመንኳት፤ ይዘሻት ነይ አለች። መንገዱ ዳር የቀረው በረዶ በሚቀልጥበት በአንድ ብሩህ ጠዋት ይዣት ሄድኩ። ባቡር ውስጥ ሰው ተነሥቶ ቦታ ሲሰጣት ኮስተር ብላ ተቀመጠች። ያን ሁሉ ዓመት ሌላውን ስትገፋ የኖረች ሴት ናት፤ መታገዝ አልለመደችም።

የድሮ ወንበሯ ላይ አስቀመጥኳት። ፕሌቱን ባዶውን ጎን ወደ ላይ አድርጌ ፊቷ አኖርኩት። ጣቷን መርቼ ቀለሙ ላይ አሳረፍኩት፤ አሮጌ ቀለም ከመስታወቱ ትንሽ ከፍ ይላልና አገኘችው። ቀስ እያለች ተከተለችው።

«በቀኝ በኩል ክፍት ናት» አለች።

«አዎ፣ ክፍት ናት።»

ጣቷ ክቡ መሐል ገብቶ ቆመ። «ውስጧስ? ኮከቧ አለች?»

ከሥሩ ያለው መብራት እንዳለ ያልፍ ነበር።

«አለች» አልኩ።

«ስትዋሺ ድምፅሽ ይቀጥናል» አለችኝ፣ ረጋ ብላ። «ከሕፃንነትሽ ጀምሮ።»

ፕሌቱን በሁለት እጇ አነሣችው። ጥጉን ከከንፈሯ አስጠጋች፤ ከንፈሯ ድኗል፣ ደረቅ ነበር። ገልብጣ ሌላውን ሞከረች፣ መልሳ ገለበጠች። «ይኼኛው ነው» አለች፤ ልክ ነበረች። ከዚያ እፍ አለችበት። ጉሙ ሰፍቶ ወጣ፤ ቀዩን ክብ ሁሉ ሸፈነው።

«መጣ?» አለችኝ።

«መጣ።» ድምፄ አልቀጠነም።

«ነፍስ ይማር» አለች። ፕሌቱን አስቀመጠችና እጇ፣ ከልማዱ፣ ጨርቁን ፍለጋ ጠረጴዛው ላይ ሄደ። ጨርቅ አላስቀመጥኩም ነበር። ጣቶቿ ወዲያ ወዲህ ሲሉ ትንሽ አየኋቸውና እጄን ሰጠኋት።